የወለተ ሥላሴ ግራ እጅ

ፊቷን ከማወቄ በፊት የእጅ ጽሕፈቷን ዐወቅሁት።

በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ ሐይቁ በመስኮት ከሩቅ በሚታይበት ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል አለች። በመጀመሪያው ቀን የስም መመዝገቢያ ወረቀት ሲዞር እኔ ዘንድ ደረሰ። ከእኔ መስመር በላይ የሰፈረው ስም የማን እንደ ሆነ ልብ ሳልል በፊደል አጣጣሉ ዐይኔ ተያዘ። እግሮቹ እኩል ቆመዋል፤ አንገቶቹ አልተጣመሙም፤ አንዱም ፊደል መስመሩን አልለቀቀም። ይህ እኔ ያስተማርሁት እጅ ነው አልሁ በልቤ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛና ግብረ ገብ ሳስተምር ለልጆች ያወረስሁት አጣጣል ነበርና ኩራት ተሰማኝ። ከጎኔ የተቀመጠች፣ አርባ አምስት ዓመት ያለፋት ሴት ዘወር ብላ አየችኝ።

«መምህር ክንዱ፣ ወለተ ሥላሴ ነኝ፤ የመሪጌታ ፍሬ ስብሐት ልጅ፣ የደቅ ደሴቷ» አለችኝ።

እኔን ወደዚያ ክፍል ያመጣኝ መጽሐፌ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለወጣቶች ምክር ይሆናል ያልሁትን አራት መቶ ገጽ በእጄ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ማተሚያ ቤቱ የእጅ ጽሑፍ አልቀበልም አለ። ለአንድ ጸሐፊ ሰጥቼ ሃያ ገጽ ባስተይብ ያልጻፍሁትን አነበብሁ፤ ረዥም የመሰለውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በገዛ ፈቃዱ ቈራርጦታል። ስለዚህ በሰባ ሁለት ዓመቴ ራሴ ልማር ቈረጥሁ።

ወለተ ሥላሴ ግን የመጣችው ወዳ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገለችበት መሥሪያ ቤት መዛግብቱን ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፈተና አለ፤ በደቂቃ ሃያ አምስት የአማርኛ ቃል መተየብ ያልቻለ ሠራተኛ አንበሳሜ ወዳለው ቅርንጫፍ እንደሚዛወር ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንበሳሜ የዓለም ዳርቻ አይደለም። ነገር ግን እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን ባሕር ዳር የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ፤ ደግፎ የሚያደርሳቸውና የሚመልሳቸው ከእርሷ በቀር ሰው የላቸውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የሌላ ሰው ጉዳይ ከመዝገብ እንደምታነብ አድርጋ ነው።

አሠልጣኛችን ግሩም የሚባል፣ ቀልድ የማያልቅበት ወጣት ነበር። እኔ ቁልፎቹን በጠቋሚ ጣቴ ስደበድብ መጥቶ «ጋሼ፣ ቁልፉ አልበደለዎትም፤ ዳበስ ያድርጉት» ይለኝ ነበር። ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ግን ቀልድ አልነበረበትም። በኪቦርዱ ላይ አብዛኛው ፊደል በሁለት ምት ይጻፋል፤ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ድምፁ። የካዕብ፣ የሣልስና የሳብዕ ድምፅ በቀኝ እጅ ጣቶች ሥር ነው። የግዕዝ፣ የራብዕና የኃምስ ድምፅ በግራ እጅ ጣቶች ሥር ነው። ግራ እጁ ያልታዘዘለት ሰው አማርኛን መጻፍ ይችላል፤ መፍጠን ግን አይችልም።

ወለተ ሥላሴ የምትጽፈው በቀኝ እጇ ብቻ ነበር። ቀኝ እጇ ከኪቦርዱ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል፤ ግራ እጇ ጭኗ ላይ ከነጠላዋ ሥር ተሸሽጓል። በደቂቃ ዘጠኝ ቃል። ግሩም ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እትዬ ወለተ፣ ያኛው እጅ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው እንዴ?» አላት።

«ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቍጥሩን አስልቼው ነበርና።

ከትምህርት በኋላ በሐይቁ ዳር እስከ ጀልባ ማቆሚያው አብረን ሄድን። ግራ እጇ ታሞ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ደኅና መሆኑን ነገረችኝ፤ ሊጥ ያቦካል፣ ባልዲ ያነሣል፣ እናቷን ደግፎ ደረጃ ያወጣል። ብቻዋን ስትሆን ኪቦርድ ላይም ይቀመጣል። ሰው ከኋላዋ የቆመ እንደ ሆነ ግን ሳታዝዘው ወደ ጭኗ ይወርዳል። በፈተናው ቀን ደግሞ ፈታኙ በተፈታኞች ጀርባ እየተዘዋወረ እንደሚቈጣጠር ታውቃለች።

ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ማን እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የእኔ ተማሪ ሳለች ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከደቅ መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። እርሳሱን በግራ እጇ ያዘች። በቀኝሽ ያዢ አልኋት፤ መልሳ በግራዋ ያዘች። ከአቡጀዲ ቀድጄ ግራ እጇን ከቀሚሷ መቀነት ጋር አሰርሁት፤ አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ አሰርሁት። ከተፈታም በኋላ ሲሳሳት ከኋላዋ ቆሜ ጣቶቿን በማስመሪያ ጫፍ እመታ ነበር። በፋሲካ አባቷ በታንኳ ተሻግረው አንድ ቅርጫት ሎሚ አመጡልኝ፤ ልጄን ሰው አደረጓት ብለው።

«ለበጎ ነበር» አልኋት። «በግራ የሚጽፍ ልጅ የሰው መሳቂያ ይሆን ነበር። አባትሽም አመስግነውኛል።»

«አመስግነውዎታል» አለች። «ሎሚውን ከታንኳው እስከ ደጅዎ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። በቀኝ እጄ።»

ጀልባ ማቆሚያው ጋ ተለያየን።

ቤቴ ገብቼ ከመጽሐፌ ምዕራፍ ዘጠኝን አወጣሁ። ርእሱ «ስለ ቀኝ እጅ» ይላል። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ፊደሉ ከሌሎቹ ምዕራፎች ይልቅ ያምራል። አንድም ስርዝ የለበትም። ሰው ሳይጠራጠር ሲጽፍ እጁ እንዴት እንደሚያምር በዚያን ዕለት አየሁ፤ አፈርሁም።

በማግስቱ ለወለተ ሥላሴ አንድ ነገር አቀረብሁላት። ለመሥሪያ ቤቷ ኀላፊ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስረድቼ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣት እለምናለሁ። ሰምታኝ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«እጇ የማይሠራ ተብዬ ፋይሌ ውስጥ ልግባ? ፋይሉን ቍጥር ሰጥቼ የማስቀምጠው እኮ እኔ ነኝ።» ወንበሯን ወደ ኪቦርዱ አዞረች። «ይልቅ ከኋላዬ ይቁሙና የቃል ጽሕፈት ይስጡኝ። ከእርስዎ ካልሸሸ ከማንም አይሸሽም።»

ምን ልስጥሽ ብዬ ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ምዕራፍ ዘጠኝ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ልሸሽገው እችል ነበር። ነገር ግን ስለ እርሷ የተጻፈ ነገር እንዳለ ነገርኋት። እርሱን ያንብቡልኝ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩም ክፍሉን ለአንድ ሰዓት ይለቅልን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ለማንበብ ከኋላዋ ስቆም ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። እኔም ሳላስበው ሁለት እጆቼን ወደ ጀርባዬ አጣምሬ ወረቀቱን በአንዱ እጄ ጨብጬ ኖሯል፤ ማስመሪያውን የምይዘው እንደዚያ ነበር። እጆቼን ወደ ፊት አምጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ግራ እጇ ኪቦርዱ ላይ ለሦስት ቃል ያህል ቆየና ወረደ።

«ይቀጥሉ» አለች።

ቀጠልሁ። በየቀኑ ያንኑ ገጽ አነበብሁላት፤ በየቀኑ እጁ ወረደ፤ በየቀኑ ሌላውን እጅ ልካ አንሥታ መለሰችው። ሕፃን ልጅን እጁን ይዘው ወደ ክፍል እንደሚመልሱት ነበር አመላለሷ። በሦስተኛው ሳምንት ዐሥራ ስምንት ቃል ደረሰች። የእኔም ድምፅ ያንን ገጽ ማንበብ እያቃተው ሄደ፤ መምህር በተማሪው ፊት ድምፁ እንዳይሰበር አድርጌ ራሴን አሠልጥኜ ስለ ነበር ግን አልተሰበረም። ይህን ለራሴ እንደ ምስጋና አልቈጥረውም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ እንደ ወትሮው ቀስ ብዬ እንዲህ የሚለውን አነበብሁ፦ «አንዲት ከደሴት የመጣች ልጅ በግራ እጇ ትጽፍ ነበር። እጇን ከወገቧ ጋር አሰርሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች፤ በሁለተኛው ዝም አለች፤ ከአንድ ወር በኋላ ግራ እጅ እንዳላት ረሳች።»

የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ። ሁለቱም እጆቿ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ግራው አልወረደም።

«አልረሳሁም» አለች ወደ እኔ ሳትዞር። «በሁለተኛው ሳምንት ዝም ያልሁት ማልቀስ በግራ እጅ ከመጻፍ እኩል የሚያስመታ መስሎኝ ነው። ይቀጥሉ።»

ወረቀቱን ወደ ዐይኔ አቀረብሁ። ቀጥሎ ያለውን ዐረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ ቅጣት በፍቅር ሲሰጥ ጠባይን ያቀናል ይላል። አነበብሁላት። አንድም ፊደል ሳትስት ተየበችው።

ፈተናው ሐሙስ ዋለ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ እናቷን ከሕክምና መልሳ ወደ ክፍላችን መጣች። ሃያ ስድስት ቃል አስመዝግባለች። ፈታኙ ሁለት ጊዜ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ ሁለተኛውን ጊዜ ግራ እጇ ሊወርድ ሲል ያዘችው። አንበሳሜ አትሄድም። ግሩም አጨበጨበ፤ የዓመት ፈቃዱ በሰላም ተጠናቀቀ ብሎም ቀለደ፤ እርሷም በዚያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች።

ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ የታተመ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ምዕራፍ ዘጠኝ ነበር፤ ሳይጐድል፣ ሳይጨመርበት፣ ለማተሚያ ቤት ተዘጋጅቶ። በመሥሪያ ቤት ልማድ ጸሐፊው በሚፈርምበት በገጹ ግርጌ በእስክሪብቶ ስሟን ጽፋለች። ጽሕፈቱ እኔ ያስተማርሁት አልነበረም። «ወ» ወደ ጎን ተጋድሟል፤ «ለ» አንዱ እግሩ አጥሯል፤ «ሥ» ከመስመሩ በታች ወርዷል። በግራ እጇ የተጻፈ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ጽሕፈት ነበር፤ ካሰርሁት ቀን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላደገም።

ምዕራፉን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኋት።

«መጽሐፉ የእርስዎ ነው» አለች። «ካተሙት ግን ስሜን ይጻፉበት። አንዲት ልጅ አይበሉኝ።»

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኋትም። ይቅርታ መለመን እርሷን ሌላ ሥራ ማዘዝ መሰለኝ። እናቴ ብቻቸውን ናቸው ብላ ተሰናብታ ሄደች።

ግሩም ምዕራፉን ከኮምፒውተሩ ላጥፋልዎት ወይ አለኝ፤ አንድ ቁልፍ ነው ጋሼ፣ እንዳልነበረ ይሆናል አለ። ያን ጊዜ የዚህን መሣሪያ አደጋ ተረዳሁ። በእጅ የተጻፈ ስሕተት ሲሰረዝ ስርዙ ይቀራል፤ አንባቢም ሰውየው እዚህ ጋ ተሳስቶ ነበር ይላል። በኮምፒውተር የጠፋ ግን ንጹሕ ገጽ ይተዋል። ለእኔ ንጹሕ ገጽ አይገባኝም። እንዳይነካው ነገርሁት፤ በእጄ ከጻፍሁት ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመርሁ፤ ከሥሩ ያለው ግን ይነበባል። ማተሚያ ቤቱ እንዲሁ ከነስርዙ ፎቶ አንሥቶ እንዲያወጣው ጠይቄአለሁ። ከእርሱ ቀጥሎ ይህን የምታነቡትን ጻፍሁ፤ በሁለቱም እጆቼ፣ በደቂቃ ስድስት ቃል።

መጽሐፉ ገና አላለቀም። ምክንያቱም ግራ እጁን ያሰርሁት ልጅ ወለተ ሥላሴ ብቻ አልነበረችም። ከሥራ ዘመኔ መጀመሪያ አንሥቼ ዐሥራ አንድ ቈጥሬአለሁ። የሰባቱን ስም አስታውሼ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይ አስፍሬአለሁ። የአራቱ ስም ጠፍቶኛል፤ የሁሉም ጽሕፈት ግን እስከ ዛሬ ዐይኔ ላይ አለ፤ ሁሉም የእኔን ይመስላል። ለአራቱ አራት ባዶ መስመር ትቻለሁ።