ለፌንጣው የተሰጠው ጎል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምራቁን ሳይውጥ በሬድዮ ኳስ ያስተላለፈ ሰው፣ ዛሬ በእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ተቀምጦ "ትክክል ነው" የምትል ሁለት ቃል ጽፎ መፈረም አቃተው። እስክሪብቶውን አንዴ ያነሳል፣ አንዴ ያስቀምጣል።

ፊት ለፊቱ ያለችው ወጣት፣ ብሔራዊ ቡድኑ በዓለም አቀፍ ውድድሮች ያለፈበትን ታሪክ በመጽሐፍ የምታሰናዳ ናት። ታሪኩ እንኳ ብዙ አያደክምም፤ ሦስት ውድድር፣ ዘጠኝ ጨዋታ፣ ስምንት ሽንፈት፣ አንድ ድል። ስምንቱን ሽንፈት የእኔ ነው ብሎ የመጣ የለም። ጭቅጭቁ ያቺ አንዲት ድል ላይ ነው፤ አንድ ለዜሮ፣ በሰማንያ ሰባተኛው ደቂቃ።

"አባባ፣ ጎሉ የወንድምዎ ነው የሚለው ይህ ገጽ እስከ እኩለ ቀን ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት" አለችው። "የዳኛው ሪፖርት ጠፍቷል። ግንቡ የሚባሉት ተከላካይ ደግሞ ጎሉን ያገባሁት እኔ ነኝ ብለው ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል። አርጅተው ተምታቶባቸው ይሆን? ወንድምዎን ብጠይቃቸው፣ 'ጋሼ ያለው ነው' ብቻ አሉኝ።"

ያቺን ጨዋታ ለአገር ያስተላለፈው እሱ ነበር። ያኔ የውጭ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም ነበር። ስታዲየም ያለው ባልደረባው በስልክ አንድ ሁለት ቃል ያቀብለዋል፤ እሱ አገር ቤት ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ፣ የተመልካች ጩኸት ከሸክላ እያሰማ፣ ሜዳው ዳር የቆመ አስመስሎ ይተርካል። ባልደረባው "ጎል! በግንባሩ..." አለና ስልኩ ጭጭ አለ። ማን ነው ያገባው? አገር በሙሉ ይጠብቃል። እናቱም ቤት ሬድዮኑ ላይ ተደፍታለች፤ ትንሹ ልጇ፣ ፌንጣው፣ ሜዳ ውስጥ ነው። አፉ ቀደመው። "ፌንጣው! ፌንጣው አገባ!"

ስልኩ ሲመለስ ባልደረባው "አምስት ቁጥር፣ ግንቡ" አለው። በመስኮት ሲያይ ግን መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ የወንድሙን ስም እየጠራ ይጨፍራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቡድኑ ሲመለስ አሰልጣኙ ግንቡን ጠርተው "አንድ ቡድን ነን፤ የሕዝቡን ደስታ አታበላሽ" አሉት። ይኸው አርባ ዓመት።

ፌንጣው አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ስለ እሱ የሚያወራውን የመጽሐፉን ገጽ ላይ ብሎ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው የመጣው። ሰውዬው በበሩ ክፍተት የተወለወለ ጫማውን ያያል። ቢፈርም፣ ግንቡ ውሸታም እንደተባለ ይሞታል። ባይፈርም፣ ወንድሙ ምን ይቀረዋል? ከዚያ ዓመት ወዲያ ጉልበቱ ተሰብሮ ኳስ አልነካም፤ ሥራ የተቀጠረው በዚያች ጎል፣ ሚስት ያገኘውም በዚያች ጎል ነው።

"አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?"

"የለም ልጄ" አለ። "ስልኩ ተቋርጦ ነበር" ብሎ መጻፍ ጀመረ። አፈረና ሰረዘው። ከሥሩ፣ "ያገባው ግንቡ ነው። በዚያው ቀን አውቄ ዝም ብያለሁ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ቀለለኝ ሊል ነበር፤ አልቀለለውም። ጫማዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው።

ሲወጣ ፌንጣው ብድግ አለ። "መጽሐፉ ላይ ፎቶዬ እንዴት ወጣ ጋሼ?"

"ከቡድኑ ጋር አለህ። ከኋላ፣ ከግራ ሁለተኛው።"

"ለብቻዬ የተነሳኋትስ፣ ከጎሉ ታሪክ ጋር ያለችው?"

"ጎሉን ለባለቤቱ መለስኩት፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።"

ፌንጣው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "እኔ ኳሷን እንኳ አልነካኋትም" አለ። "ከአውሮፕላን ስወርድ ለእናታችን ልነግራት ነበር። አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ግን፣ እንዴት ብዬ? አንድ ቀን አገባሁ ብዬ አላውቅም ጋሼ። ዝም ነው ያልኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ልጆቼ ግን ዝምታዬን እውነት ብለው ነው ያደጉት። ዛሬ ለምሳ እኔ ቤት ተሰብስበዋል፤ ስለ መጽሐፉ ሊጠይቁኝ። እኔ አልችልም። አንተ ትነግራቸዋለህ።"

በአንድ አውቶቡስ ሄዱ፤ ፌንጣው ከፊት፣ ታላቁ ከኋላ ተቀምጠው። ታላቁ መንገዱን ሙሉ ለልጆቹ የሚጀምርበትን ዓረፍተ ነገር ፈለገ፤ አንዱም ለአፉ አልመች አለው። ቢወርድስ? አሞኛል ብሎ ቢመለስስ? ሳይወስን ደረሱ።

የፌንጣው ሳሎን ሙሉ ነው። ሦስቱ ልጆች፣ ሙሽራዋ ምራት፣ ገና መናገር የጀመረ የልጅ ልጅ። "እሺ አባዬ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነህ?" አለ የመጀመሪያ ልጁ፣ ገና በሩን ሳይዘጉት።

ፌንጣው ኮቱን አወለቀ፤ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "አጎታችሁ የሚነግራችሁ ነገር አለ" አለና፣ ዘወትር የእሱ የሆነውን ወንበር ለታላቁ ለቀቀለት። ራሱ ሄዶ ከልጆቹ ተርታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ከእነሱ ጋር ይጠብቅ ጀመር።