ስድስተኛው ችካል

ደግሞስ ማን ጠየቀው፣ ለዓይኑ ሕክምና ከወሎ የመጣ ገበሬ፣ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ የከተማ ፕላን ምን አገባው፣ ዝም ብሎ መቆም ነው፣ ጌጃ ሰፈር መሃል፣ ቤቶቹ የፈረሱበት ባዶ ቦታ ላይ ልጁ ፈሪዳ ወረቀት ዘርግታለች፣ ፕላኑን የሠራችው እሷ ናት፣ አሥር ችካል ተተክሏል፣ ከቀትር በፊት ትፈርማለች፣ ከፈረመች ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ችካል ፎቅ ይቆማል።

ውሃው ግን በዚያ ነው የሚሄደው።

ረሻድ ያየዋል። ሣሩ ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል፣ አጥሩ ሥር ፌስታል እንደተሰነቀረ ደርቋል፣ ታች ያለችው የዙሃራ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የጭቃው ምልክት እስከ ጉልበት፣ ትናንት ሻይ ስትቀዳለት ምን አለች፣ አባባ፣ ባለፈው ነሐሴ በግማሽ ሰዓት ገባ እኮ፣ ልጆቹን ጠረጴዛ ላይ አወጣኋቸው፣ እንዲህ ያለ ዝናብ አናውቅም። እሱም አያውቅም ነበር። የወር ዝናብ አሁን ባንድ ከሰዓት ይወርዳል፣ እዚያም፣ እዚህም።

የጎርፍ ቱቦው ይበቃል፣ ትላለች ፈሪዳ፣ ስሌቱ አለ። ስሌቱ የየትኛው ዘመን ዝናብ ነው፣ ይላል በሆዱ። አፉ አይከፈትም።

አንድ ጊዜ ተከፍቶ ምን አተረፈ። ማሳ ሲዘራ ፈሰስ ይወጣል፣ ውሃው አፈሩን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚቀደድ ሰያፍ ቦይ፣ አባቱ እንዲያ፣ አያቱም እንዲያ፣ እሱ ግን ያን ዓመት ቦዩ የሚበላው መሬት አንገበገበውና ዘራበት፣ ፈሪዳ ሰባት ዓመቷ፣ በሬዎቹ አጠገብ ቆማ፣ አባ፣ ውሃውስ በየት ይሂድ፣ ዝም በይ አንቺ፣ ዝም አለች። በሐምሌ ጎርፉ መጣ። የታችኛው ማሳ የወንድሙ የሰላሃዲን ነበር፣ ጤፉ ከነአፈሩ ሄደ፣ ድንጋይ ቀረ። ሰላሃዲን እስከ ዛሬ መስጊድ በር ላይ ሲያገኘው ሰላምታ ይሰጠዋል። ሌላ ቃል የለም።

ጥያቄውን ረስታው ይሆናል። ወይስ ዝም በይ ስላላት ነው።

አባ፣ ደከመዎት፣ መኪና ውስጥ ይቀመጡ። ደህና ነኝ። አብሯት የሚሠራው መሐንዲስ ሙከሚል ይስቃል፣ አባባ እኮ አራዳ ናቸው፣ ከመጡ አይቀር ፕላኑን ይከልሱልን እንጂ፣ ጎረምሳው ክፉ አይደለም፣ ቀልዱ ግን በሰው ፊት ነው፣ አለቃዋም ቆሟል፣ ብዕር አውጥቶ ሰዓቱን ያያል፣ በሉ እንፈርም፣ ከአስፋልቱ የሚኒባሱ ረዳት ልደታ፣ ልደታ ይላል፣ አሁን ቢናገር ልጁን በአለቃዋ ፊት ማዋረዱ ነው፣ ባይናገር ዙሃራ ልጆቿን የት ላይ ታወጣለች፣ ፎቅ ከቆመበት ውሃው ሌላ መንገድ የለውም፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው፣

ድንበር ነክቶ አያውቅም። በሀገሩ ለአንድ ችካል ደም ፈስሷል፣ ስልሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እጁ ንጹሕ ነው፣ እግሩ ግን ሄዷል፣ ስድስተኛው ችካል መሬት ውስጥ ጠብቋል፣ ያወዛውዘዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አባባ ምን ሆነዋል፣ ይላል ሙከሚል፣ ችካሉ ወጣ። አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ዳር። ይተክለዋል፣ በድንጋይ ይመታዋል።

ቀና ይላል። ፈሪዳ እሱን አታየውም፣ ችካሉ የወጣበትን ጉድጓድ፣ ከዚያ የተጋደመውን ሣር፣ ከዚያ የዙሃራን ግድግዳ፣ ዓይኗ ቀስ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። አለቃዋ ብዕሩን ይዘረጋላታል። አትቀበለውም።

አባ፣ ትላለች፣ ውሃውስ በየት ይሂድ።

ሰባተኛውን ችካል ይይዛል። ነይ ያዢልኝ፣ ይላል።