አናጢው ያላዩት እንቁላል

አናጢው ሰፈፍ የተሠራበትን የእንጨት ፍሬም ከቀፎ ሲያወጡ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አርባ ዓመት እንጨት የላገ እጅ ነው። የሚያስቸግራቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው፣ ፍሬሙን ከፍ አድርገው፣ ንቦቹ ወደሚያድጉባቸው ትንንሽ የሰፈፍ ጎጆዎች ያፈጥጣሉ። የሚታያቸው ግን እንደ ቀጠነ ሻይ ያለ ቡናማ ጉም ብቻ ነው።

ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

"ለንብ አርቢ ማኅበሩ ሰዎች መቼ ነው የምትነግራቸው?" ይሏቸዋል።

"ምኑን?"

"ምኑን ይላል ደግሞ። ትናንት ድመቷን ስታባብላት ሰማሁህ እኮ። ድመቷ የኔ ሻርፕ ነበረች።"

አናጢው ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። ለማኅበሩ ነግረው ምን ሊሆኑ ነው? ዎርክሾፑን ዓይናቸው ሲደክም ለወንድማቸው ልጅ አስረክበዋል። የቀረቻቸው ቅዳሜ ናት። ቅዳሜ ከድሮው የእንጨት መጋዘን ጀርባ ባለው ግቢ አሥራ አንድ ሰው ይሰበሰባል፤ ስለ ንግሥት ንብና ስለ ቀፎ አያያዝ የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው።

"ንግሥቲቱን ስትፈልጉ አትዋሉ" ይላሉ ለአዲስ ገቢ ሁሉ። "እሷ ትደበቃለች። እንቁላሏን ፈልጉ። እንቁላል ካለ እሷም አለች።" ከዚያ ፍሬሙን ለተማሪው ያስይዙና "ስንት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ትክክለኛው መልስ አንድ ነው። ንግሥት በየጎጆው አንድ እንቁላል ብቻ፣ ልክ ወለሉ መሃል ላይ አቁማ ትሄዳለች።

ከግቢው ስድስት ቀፎዎች ሰማያዊዋ እናት ቀፎ ትባል ነበር። የሌሎቹ ንቦች ክፉ ተናዳፊዎች ናቸው፤ የእሷ ግን ገራም ስለሆኑ አባላቱ ንግሥት የሚያራቡት ከእሷ ዘር ነው። በዚያ ዓመት የአንዱ አባል፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ ቀፎ ንግሥቱን አጥቶ ከእናት ቀፎ ዘር ንግሥት ለመቀበል ተራ ይጠብቅ ነበር። ንግሥት ያጣ ቀፎ ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። የሞቱትን የሚተካለት የለም።

እናት ቀፎ ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ደህና ቀፎ ሲያጨሱት አንዴ ጉምም ብሎ ይረጋል። እሷ ግን ማላዘን ጀምራለች፤ ክዳኗ በተከፈተ ቁጥር ድምፅዋ ከፍ ይላል እንጂ አይበርድም። አናጢው ይህን ድምፅ ያውቁታል። ያኔውኑ ከሌላ ቀፎ አንድ ፍሬም እንቁላል ቢሰጧት፣ ዘሩ ገራም ባይሆንም፣ ራሷ ንግሥት ታሳድግ ነበር። ነገር ግን ንግሥት የለም ለማለት መጀመሪያ እንቁላል የለም ማለት አለባቸው። እሳቸው ደግሞ እንቁላል የሌለበትንና ያለበትን ጎጆ መለየት ከተዉ ቆይተዋል። ዛሬ ነገ ሲሉ ሳምንታት አለፉ።

በዚህ መሃል ነው ልብስ ሰፊዋ ማኅበሩ ውስጥ የገባችው። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በሦስተኛው ቅዳሜ አናጢው ከእናት ቀፎ አንድ ፍሬም አውጥተው ሰጧት።

"እስቲ ልጄ፣ ምን ይታይሻል?"

መረቡን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ጠጋ አለች። "እንቁላል ነው ጋሼ። ብዙ እንቁላል።"

አናጢው ከስንት ጊዜ በኋላ ተነፈሱ። "አዎ፣ ይታየኛል" አሉ።

"ግን ግድግዳው ላይ ነው የተለጠፈው፤ እንደ ክር ቁራጭ። እዚህ ጋ ደግሞ ሦስት አራት ሆነው…"

እዚህ ላይ ፍሬሙን አስቀምጠው የማኅበሩን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጣችውን ነርስ፣ መጥራት ነበረባቸው። ይታየኛል ያለ ሰው ግን ምን ብሎ ሌላ ሰው ይጠራል?

"አዲስ ንግሥት አሳድገው ይሆናል" አሉ። "ስትጀምር እንዲህ ትረባበሻለች። ይስተካከላል። ጻፊው።"

አንዳንዴ እውነትም እንዲህ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ በቀፎው ካርድ ላይ በጥንቃቄ ጻፈች፦ እንቁላል አለ። ደህና።

"ተመስገን" አለ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ። "እንግዲህ ሙሽራዬን መቼ ልውሰድ?"

"ሦስት ሳምንት ታገሥ" አሉ አናጢው።

"ሽማግሌ የላክኩት በዝናቡ ነው፣ ፀሐዩ መጣ እኮ።"

ሰው ሳቀ። አናጢውም ሳቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪው ሳይስቅ መጣ። ሐሙስ ቀፎውን ሲከፍተው የእሳት እራት ሰፈፉን በልቶ ድር አድርጎበት፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ንብ ጥግ ላይ ተጣብቆ አገኘ። በዚያ ቅዳሜ እናት ቀፎን የከፈተችው ነርሷ ነበረች።

ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች። "ድንጉላ" አለች በመጨረሻ። "ከዳር እስከ ዳር ድንጉላ ነው።"

ንግሥት ስትጠፋ ሠራተኞቹ ንቦች ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉ። ጅራታቸው አጭር ስለሆነ ወለሉ አይደርሱም፤ ግድግዳው ላይ፣ ባንዱ ጎጆ ሦስትም አራትም ይጥላሉ። ከዚያ የሚፈለፈለው ሥራ የማይሠራው ወንዱ፣ ድንጉላው ብቻ ነው። እንዲህ የሆነ ቀፎ ሌላ ንግሥት ቢያመጡለትም ይገድላታል።

"ማነው ያየው?" አለ ዳቦ ጋጋሪው። ካርዱን አነሣ። "እንቁላል አለ፣ ደህና። ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?"

"የኔ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

አናጢው ፊቷ አይታያቸውም። የጭንቅላቷ ጥላ ወደ እሳቸው ዞሮ ትንሽ እንደቆየ ግን ታያቸው። ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ሳል ነው።

"አንቺ ሴት፣ ቁልፍ ስትተክይም ሦስቱን አንድ ቦታ ነው? ንግሥት የለም ብትይኝ ከሌላ ቦታ ፈልጌ አመጣ ነበር እኮ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"ተዋት፣ ገና አዲስ ናት" አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊዋ ጓንቷን አውልቃ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋ አጠፈች።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀፎዋን አፍርሶ ንቦቹን ለሌሎቹ ቀፎዎች መበተን። እናት ቀፎን ሃያ እርምጃ ያህል አርቀው ወስደው፣ ፍሬሞቿን አንድ በአንድ ሣሩ ላይ አራገፉ። ባዶውን ሣጥን አናጢው ተሸክመው ወደ መጋዘን አስገቡት። ንቦቹ ተነሥተው ወደለመዱት ቦታ በረሩ፤ ቤታቸው የለም። አየሩ ላይ ሲዞሩ ቆይተው ወደ ጎረቤት ቀፎዎች በር ሄዱ። ማር ይዞ የመጣው ገባ። ባዶውን የመጣው በሩ ላይ እየተጎተተ ተወረወረ። አናጢው ይህን ሁሉ ያወቁት በድምፁ ነው።

ሰኞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄዱ። የስፌት መኪናዋ ሲቆም ሰሙ።

"ይቀመጡ ጋሼ። እዚያ አይደለም፣ መርፌ አለ።"

ቆመው ቀሩ። "ዓይኔ አያይም" አሉ። "ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ቀን ፍሬሙን አላየሁትም።"

እጇ ጨርቅ ሲያስተካክል ይሰማል። "እኔ እኮ ነግሬዎታለሁ።"

"ነግረሽኛል።"

"ሦስት አራት ነው ብዬዎታለሁ። ቤት ገብቼ ሳስብ አደርኩ፤ ምኑን ነው የተሳሳትኩት እያልኩ። ነገር የማይገባኝ ሰው ነኝ ብዬ ነበር።"

"ቅዳሜ ለሁሉም እነግራለሁ። ነይ አንቺም።"

"ይንገሯቸው" አለች። መኪናዋ እንደገና ተነሣ።

ቅዳሜ ነገሯቸው። አላሳጠሩትም፤ የእናት ቀፎን ማላዘን፣ "ይታየኛል" ያሉትን፣ ካርዱን፣ ሳሉን ሳይቀር ነገሩ። ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ ይሻላቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ "አይዞዎት ጋሼ" አለ፣ ጆሯቸውም የደነቆረ ይመስል እየጮኸ። ነርሷ በዚያው ቀን አዲስ ገቢዎችን ማስተማር ጀመረች። ለልብስ ሰፊዋም እንድትመለስ ሰው ላኩባት። ዩኒፎርም በዝቶብኛል፣ በደህና ዋሉ ብላ ጓንቱንና መረቡን አጥባ፣ አጥፋ መልሳ ላከች።

አናጢው አሁንም ቅዳሜ አይቀሩም። የጭስ ማጨሻውን ለሳቸው ሰጥተዋቸዋል። ሌሎቹ ፍሬም ሲያወጡ ከጎን ቆመው ይነፋሉ።

"ወደ ግራ ጋሼ" ይላቸዋል አንዱ ጮክ ብሎ። "ትንሽ ወደ ግራ። እኛን ነው የሚያጨሱን።"

እሳቸውም ወደ ግራ ይላሉ።