የስፌት አዳራሹ ጫጫታ

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች ቢባል ያንሳል፤ ክው ነው ያለችው። ባሏ ከሥራ ገብቶ ሕፃኗን ከአልጋዋ ሲያነሳት፣ ልጅቱ ከለቅሶ ብዛት ፊቷ ቀልቶ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ እዚያው አጠገቧ ልብስ ታጣጥፋለች።

«አልሰማሽም እንዴ?» አላት። የተቆጣ አይመስልም፤ ፈርቷል።

አልሰማችም። ባሏ ማጉተምተም አመል ሆኖበት እየመሰላት ስትነጫነጭበት ነበር የከረመችው። ጆሮዋን በምን ትጠርጥር? መኪኖች ሲንጫጩ በሚውሉበት የስፌት አዳራሽ ወሬ የማያመልጣት እሷ አይደለችም? ጓደኞቿ «ራዳር» ነው የሚሏት።

ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ፣ ድምፅ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የምታሻግር ከሩዝ ፍሬ ያነሰች አጥንት፣ ዙሪያዋን ሌላ አጥንት በቅሎባት መንቀሳቀስ እንዳቃታት ነገራት። እርግዝናው ሳያባብሰው አልቀረም። በአዳራሹ የምትሰማው ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚያወራ ነው፤ የመኪኖቹ ጩኸት ደግሞ እሷ ዘንድ ደብዝዞ ይደርሳል። በቀዶ ጥገና ወይም በማዳመጫ መሣሪያ ይረዳል ብሎ አጽናናትና፣ «በዘር ይሄዳል፤ ከቤተሰብ መስማት የሚያስቸግረው አለ?» አላት።

የለም ልትል አፏን እንደከፈተች ቀረች። እናቷ ትዝ አሏት። ሰላምታ አይመልሱም ተብለው ጎረቤት «ኩራተኛ» ያላቸው እናቷ። ከቤት በወጣችበት ቀን ከኋላቸው ቆማ «እማዬ፣ ልሄድ ነው» ስትል፣ ዞር ሳይሉ ሳህን ማጠባቸውን የቀጠሉት። ቂም ይዛ ደጃቸውን ከረገጠች ስንት ዘመኗ!

ከሐኪም ቤት በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። ጸጥ ባለው ሳሎን እናትና ልጅ እየተያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንዷ የሌላዋን አትሰማም። የየራሳቸው ድምፅ ጭንቅላታቸው ውስጥ ስለሚያስተጋባ የጮኹ እየመሰላቸው ሁለቱም ያንሾካሹካሉ። ቢጨንቃት የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ስፌት አዳራሹ ገሰገሰች።

መኪኖቹ መሃል እንደቆሙ፣ እንደ ሥራ ባልደረቦቿ በሙሉ ድምፅዋ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን እኮ ልሄድ ነው ብዬሽ ነበር!» አለች።

እናትየው በድንጋጤ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ሳትሰናበቺኝ የሄድሽ መስሎኝ፣» አሉ እጃቸውን አውርደው እሳቸውም እየጮኹ። «ዞር ስል ደጁ ባዶ ነበር። ምን አስቀየምኳት እያልኩ ነው የኖርኩት።»