ቅመሱልኝ

ፀደይ ጾመኛ ናት። ይሄ ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ጅቡቲ ውስጥ፣ በነሐሴ፣ ሰው ጥላ ስር ቁጭ ብሎ በሚቀልጥበት ሙቀት፣ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትጾማለች። ማን አስገደዳት? ማንም! ራስ ዲካ ሰፈር ያለው የአሠሪዋ የእትዬ ሳብሪን ቤት የሙስሊም ቤት ነው፤ ብትበላም ባትበላም ልብ የሚላት የለም። "ከሀገሬ ይዤው የመጣሁት ይሄንኑ ጾም ነው፣ እሱንም ከጣልኩት ምን ቀረኝ?" ትላለች። እንግዲህ ምን ይባላታል።

በወረቀት የቤት ሠራተኛ ትባል እንጂ ዋና ሥራዋ እማማ ሀጀራን ማብላት ነው። እማማ ሀጀራ የእትዬ ሳብሪን እናት ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ናቸውና አማርኛቸው ከፀደይ አማርኛ ይፈጥናል። የስኳር በሽታው ሃያ ዓመት አብሯቸው ኖሯል። አምና ሁለት የእግር ጣታቸውን ወሰደ፣ ዘንድሮ ደግሞ ኩላሊታቸውን ያዘ። ሐኪሙ ልጃቸውንና ፀደይን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል። "እኚህ ሴትዮ አንድ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት አይችሉም። ሰውነታቸው ውሃ ካጣ ኩላሊታቸው አይመለስም" አላቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፀደይ ያንን ወጥ ቤት ሆስፒታል አደረገችው። የጥሬ ሥጋው ቢላዋና የሰላጣው ቢላዋ ተለያዩ። ሰላጣው ሦስቴ ይታጠባል። ሩዙ በሲኒ ተለክቶ ይወጣል፣ ተምር አንድ፣ ሻይ ያለ ስኳር። እማማ "አንዲት ተምር ብትጨምሪልኝ ማን ያያል?" ሲሏት "እኔ አያለኋ!" ትላቸዋለች። ደግሞም ትወዳቸዋለች። እናቷን ቀብራ ሐዘኗን ሳትጨርስ ነው ድንበር የተሻገረችው፤ አንጀቷ የሚያርፍበት ሰው ያገኘችው እዚህ ቤት ነው።

አሮጊቷ በዘመናቸው የሰርግ ወጥ ቤት ነበሩ። ድሬም ሆነ ጅቡቲ ሰርግ አለ ከተባለ የሀጀራ ድስት ሳይጣድ አይሆንም ነበር። አምና የፈላ ዘይት እግራቸው ላይ ፈሶ፣ እግራቸው ምንም ሳይሰማው፣ ቆመው ሽንኩርታቸውን ሲያቁላሉ ተገኙ። እትዬ ሳብሪን ያን ዕለት አልቅሳ ምድጃ እንዳይጠጉ ከለከለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወንበር ተደርጎላቸው ይቀመጣሉ። የቀረቻቸው ሥራ አንዲት ብቻ ናት፤ መቅመስ።

ጾመኛ ሴት ዶሮ ታበስላለች እንጂ አትቀምስም፤ ይሄን ለሀገሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ረቡዕና ዓርቡ፣ ሁዳዴው፣ ፍልሰታው ሲደማመር ፀደይ ከዓመቱ ግማሽ በላይ የምታበስለውን ምግብ ጣዕም አታውቀውም። "እማማ፣ ቅመሱልኝ" ብላ ማንኪያውን ትዘረጋለች። እማማ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ትንሽ ያስባሉ፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። "ጨው ትንሽ ጨምሪ።" "ሎሚው በዛ፣ ሰው ልትመርዢ ነው እንዴ!" "ይሄ እንኳ እጅሽ ይባረክ።" ያኔ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ኩራት ላየ ሰው፣ የሁለት መቶ ሰው ሰርግ የሚመሩ ይመስሉት ነበር።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። ከዋዜማው የዶሮ ሾርባ ሠርታ፣ ለነገ የሚሆነውን በክዳን ሳህን አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታዋለች። በዚያ ሙቀት ምድጃ በቀን ሁለቴ ማን ያበራል? ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰገነት ላይ ስለሚተኛ መቼ ሄዶ መቼ እንደመጣ ያወቀ ሰው የለም። ጠዋት ፍሪጁ እንደወትሮው ያጉረመርማል። እትዬ ሳብሪን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ወዳለው ቢሮዋ ሄደች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀደይ የእማማን ስኳር ለካች፣ መርፌውንም ወጋቻቸው። መርፌው ከገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ መከተል አለበት፣ አለዚያ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚያ ለሚጠጣው ውሃ በረዶ ልታወጣ የፍሪጁን ላይኛ ክፍል ስትከፍት በረዶው ልክ አልነበረም። ኩብ ኩብ ሆኖ መቀመጥ ሲገባው ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ድርቅ ያለ አንድ ግግር ሆኗል። ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው። ሾርባውን አውጥታ አሸተተችው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ቅመም። ሌላ ነገር አለው? ያለውም ይመስላል፣ የሌለውም ይመስላል። ጾመኛ አፍንጫ ደግሞ ሁሉም ነገር ይሸተዋል። ለማንኛውም ብላ ድስት ውስጥ ገልብጣ እስኪንተከተክ አፈላችው። ፈልቶ የማይሞት ምን አለ? እሷ የምታውቀው እንደዚያ ነው።

ማንኪያውን ይዛ አንድ ጊዜ ወደ ራሷ አፍ አስጠጋችው። እውነቱን ልናገር፣ አስጠግታዋለች። ዶሮ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ መለሰችው።

"እማማ፣ ቅመሱልኝ። ዛሬ ግን በደንብ አድርገው። መብራት ሄዶ አድሯል መሰለኝ፣ ቆምጥጦ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።"

እማማ ሀጀራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው።

"ደህና ነው" አሉ። "ምንም አልሆነም። ጨው ብቻ ትንሽ።"

"እውነት?"

"አንቺ ልጅ፣ የሀጀራን አፍ ትጠራጠሪያለሽ?"

ፀደይ ሳቀች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ አቀረበችላቸው። እንቁላል ነበረ። ዳቦ ነበረ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበረ። በኋላ እነዚህን እየደጋገመች ስትቆጥር እንቅልፍ አጣች፤ ያን ሰዓት ግን አፍ ያለው ሰው ደህና ነው ብሏታልና ደህና ነበር።

አስር ሰዓት ላይ እማማ አስመለሱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ መቁጠር ተወች። ተቅማጡ ተከተለ። ስኳራቸውን ብትለካው ወርዷል፤ ማር በጣቷ ድዳቸው ላይ ቀባች፣ ውሃ በማንኪያ ሰጠቻቸው፣ እሱም ተመልሶ ወጣ። እትዬ ሳብሪን ጋ ደውላ "ድረሽ!" ከማለት በቀር ቃል አላገኘችም። በታክሲ ሆስፒታል ሲያደርሷቸው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ቆዳቸው ቢቆነጥጡት የማይመለስ ሆኗል። ሐኪሙ ምን እንደበሉ ጠየቀ። "አፍልቼው ነበር እኮ" አለች ፀደይ። "መፍላቱ ጀርሙን ይገድለዋል። ጀርሙ ሲያድር የለቀቀውን መርዝ ግን ሁልጊዜ አያጠፋም" አላት፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

በማግስቱ እማማ ትንሽ ነቃ አሉ። እትዬ ሳብሪን መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች።

"ፀደይ፣ ነይ ጠጋ በይኝ። ሾርባው ተበላሽቶ ነበር፣ አይደል?"

"እማማ፣ አሁን ይርሱት። ዝም ብለው ይረፉ።"

"እኔ አላወቅኩም። ጣዕም የሚባል ነገር ከተለየኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጨውና ስኳር አይለይልኝም። ሽታም የለኝም።"

ፀደይ መጀመሪያ የሚቃዡ መሰላት። "ታዲያ ጨው ጨምሪ፣ ሎሚ በዛ የሚሉኝስ?"

"አይሻለኋ! እጅሽ ስንቴ ጨው ዕቃው ውስጥ እንደገባ ከወንበሬ እቆጥራለሁ። አርባ ዓመት ያበሰልኩ ሴት ነኝ፣ በዓይኔም አበስላለሁ።" ሊስቁ ሞከሩ፣ አቃታቸው።

"ምነው እማማ! ምነው ቢነግሩኝ?"

"ብነግርሽ ታስቀምሺኝ ነበር?"

እማማ እጇን ያዟት፤ እጃቸው እንደ ወረቀት ቀሏል። "ለሳብሪን እንዳትነግሪያት። እናቴ በገዛ አፏ ሞተች እንዳትል። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባች። ምን ታድርግ? በሦስተኛው ቀን ኩላሊታቸው ጨርሶ ቆመ፣ ከቀትር በኋላ አረፉ፣ ሳይመሽ ተቀበሩ። ፀደይ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አለቀሰች። ከጎረቤት አንዷ ናዒማ የምትባል ሴት "ያበሰለችው እሷ ናት" ብላ በሶማልኛ ስትናገር ሰማች፤ ፀደይ ቋንቋው የማይገባት መስሏት ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ውሸት ነው እንዳትል ውሸት አይደለም።

ለቀስተኛው ሲመናመን፣ እትዬ ሳብሪን ወደ ወጥ ቤት ገባች። ፀደይ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ባረፉበት ቀን ነው ያዘጋጀችው፤ ውጪ ስትባል ሰው እንዳታስጠብቅ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለች ሳብሪን፣ በሩ ላይ እንደቆመች። "ያንን ሾርባ የቀመሰው ሰው ነበር?"

"እኔ ቀምሼዋለሁ እትዬ። ደህና መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ፀደይ፣ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። አንቺ በፍልሰታ ዶሮ አትቀምሺም። አፍሽን ቢፈለቅቁት አትቀምሺም። እማዬ ናት የቀመሰችው፣ አይደል?"

ፀደይ አንገቷን ደፋች። ቃሏን አላፈረሰችም፣ ግን መልሱ ደርሷል።

ሳብሪን የወጥ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ በዚያ ባማረ ጥቁር ልብሷ። "አምና ለዒድ ኬክ ጋገርኩላት" አለች። "እሷ እንድትበላው ብዬ ስኳር የሚባል ጠብ አላደረግኩበትም። አንድ ጊዜ ጎረሰችና ‹አቤት ስኳሩ! ልትገይኝ ነው?› አለችኝ። የዚያን ቀን ገባኝ። ሌላ ጊዜም ሞከርኳት፣ ጨው የሌለው ሩዝ ሰጥቻት ‹ጨው በዛበት› አለች።"

"ታውቂ ነበር?" አለች ፀደይ። እትዬ ማለቱንም ረሳችው።

"ልነግርሽ ስንቴ አፌ ላይ ደርሷል። ነግሬሽ ማስቀመስሽን ብትተዪስ አልኩ። ምድጃውን ነጥቄያታለሁ፣ ይቺን ደግሞ ልንጠቃት? አንቺ ‹ቅመሱልኝ› ስትያት የምትስቀው ሳቅ ነበራት፣ ታውቂዋለሽ። ጨው ቢበዛ ምን ይመጣል፣ እኔ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። መብራት ይሄዳል፣ ምግብ ይበላሻል ብዬ አላሰብኩም።" እንባዋን አልጠረገችውም። "እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ታውቃለች። ከዚህ ቤት የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የምታበስይው ደግሞ አንቺ።"

ፀደይ ልታቅፋት ይሁን ልትጮህባት አላወቀችም። ንዴትም ነበር፣ ሐዘንም ነበር። እሷም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለቱም አለቀሱ።