የአመተ ሥላሴ የቴምር ማር

ልብስ ሰፊው አገኘሁ ስኳር በሽታ እንዳለበት ከተነገረው ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣችው ሚስቱ አመተ ሥላሴ እንጂ እሱ አልነበረም። እሱ ከጤና ጣቢያ እንደተመለሰ ኪኒኑን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። እሷ ግን ቤት የነበረውን ስኳር ጠራርጋ ለጎረቤት ሰጠች።

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። በረንዳዋ ላይ አገኘሁ ልብስ ይሰፋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ይኖሩባታል። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አገኘሁ ሻይ ሲጠጣ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ወርዶ አያውቅም። "ያለ ስኳርማ መድኃኒት ነው እንጂ ሻይ አይደለም" ይላል። ይህን ሰው ምን እንደምታጠጣው ስታወጣ ስታወርድ፣ አንድ ቀን ስልኳ ላይ ቪዲዮ አየች። አንዲት ሴት ቴምር ቀቅላ፣ ጨምቃ፣ ማር የመሰለ ነገር ጠርሙስ ውስጥ እያንቆረቆረች፣ "የተፈጥሮ ነው፤ ስኳር ላለባቸውም ይሆናል" ትላለች። አመተ ሥላሴ ደጋግማ አየችውና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቴምር ነጋዴዋ ጀሚላ ዘንድ ሄደች።

"ሁለት ኪሎ ስጪኝ፤ ለስላሳውን።"

"ድግስ አለ እንዴ እትዬ?"

"ለአገኘሁ ነው። ስኳር ከልክለውታል፤ በቴምር ልተካለት ነው።"

የጀሚላ እጅ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ። "ቴምርም እኮ ጣፋጭ ነው። ሐኪም ጠየቁ?"

"ፈጣሪ ከዛፍ ላይ ያበቀለው ነው። ፋብሪካ መች ነካው?"

ጀሚላ ከደንበኛ ጋር መከራከር አትወድም፤ መዘነችላት።

አመተ ሥላሴ ፍሬውን አንድ በአንድ አወጣች፤ ቴምሩን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈች፤ ቀቀለች፤ በሻሽ ጨመቀች። ጭማቂው ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ሆኖ መወፈር ሲጀምር ሰማያዊ ዚፕ የምትፈልግ ደንበኛ መጣች። ሴትዮዋ ይሄኛው ይደምቃል፣ ያኛው ይፈዛል እያለች ሳጥኑን በሙሉ አስገለበጠቻት። የቃጠሎው ሽታ ሲመጣ አመተ ሥላሴ እየሮጠች ብትገባም፣ ድስቱ ውስጥ የቀረው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ብቻ ነበር።

"ምንድነው የተቃጠለው?" አለ አገኘሁ ከበረንዳ።

"አንጀቴ!"

ሁለተኛውን ማታ ዘፍዝፋ አሳደረች። ጠዋት መብራት የለም። "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል" እየተባለ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስትከፍት አረፋ ኮፍሷል፤ ጠላ ጠላ ይሸታል። እልህ ይዟት ጨመቀችው፤ ቀመሰችው፤ ወዲያው ተፋችው። ቦዩ ውስጥ ስትደፋው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቴምር የፈለቀቀችባቸውን ጣቶቿን እያየች አለቀሰች።

ጀሚላ ለሦስተኛ ጊዜ ስታያት፣ "እትዬ፣ ይቅርብዎት" አለቻት።

"እንዴት ይቅርብኝ? እሱ እኮ ከሰፈሩ ሻይ ቤት አይጠፋም። እዚያ ስንት ማንኪያ እንደሚጨምር ማን ያያል?"

ከምን አለሽ ተራ የከሰል ምድጃ ገዛችና ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ጎረቤቶች በጭሱ አጉረመረሙ። ሻሹ መሃል ለመሃል ተቀደደባት፤ ሌላ ስላልነበራት በአዲሱ ነጠላዋ ጨመቀች። ሱቁን ዘግታ፣ ከምድጃው ሳትነሳ ግማሽ ቀን አማሰለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከማንኪያው ላይ ቀስ ብሎ እየተሳበ የሚወርድ፣ የሚያብረቀርቅ የቴምር ማር አገኘች። ነጠላው ቡናማ ሆኗል፤ የእጇ አንጓ አብጧል። ሻይ አፍልታ ሁለት ማንኪያ ጨመረችለት።

"እንዴት ነው?"

"ይጣፍጣል።"

"ይጣፍጣል ብቻ?"

አገኘሁ እጇን አየ፤ ነጠላዋን አየ። "ኧረ በጣም ይጣፍጣል" አለ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን ሳታስታጉል ሰጠችው።

በቀጠሮው ቀን አብራው ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር ፋና ጣቱን ወግታ መሣሪያውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። "ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ጋሼ አገኘሁ፣ ባለፈው እኮ ሁለት መቶ አርባ ነበር። ምን እየበሉ ነው?"

አመተ ሥላሴ ቀደመችው። "ስኳር ቤቴ አይደርስም! በዚህ ነው የማጠጣው" ብላ ከቦርሳዋ ጠርሙሱን አወጣች።

ፋና ከፍታ አሸተተችው። "ቴምር ነው? እናቴ፣ ይሄ እኮ ራሱ ስኳር ነው። ውሃውን አትንነው ጣፋጩን ነው ያስቀሩት።"

"የተፈጥሮ ነው እኮ!"

"ቢሆንም ስኳር ነው። ሰውነታቸው ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቀውም።"

አመተ ሥላሴ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ታክሲ ሲጠብቁ ፈነዳች።

"ሁሉም በኔ ይላከክ! ሻይ ቤት በስኳር ስትገለብጥ ትውልና ጥፋተኛዋ እኔ ልሁን?"

"ሻይ ቤት ያለ ስኳር ነው የምጠጣው" አለ አገኘሁ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ማን? አንተ?"

"ሐኪሙ ከነገረኝ ማግስት ጀምሮ። መጀመሪያ ይመራል፤ ኋላ ይለመዳል።"

አመተ ሥላሴ አፍጥጣ አየችው። "ታዲያ የኔን ለምን ጠጣህ?"

"ሁለቴ ደፍተሽ፣ እጅሽ አብጦ፣ በሦስተኛው ስታመጪልኝ አልፈልግም ልበልሽ?"

"አዎ! አልፈልግም በለኝ! አፍ የለህም?"

ታክሲ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። እሷ ግን በማን ላይ እንደምትናደድ ግራ ገባት፤ በቪዲዮዋ ሴት፣ በራሷ ወይስ አዝኖላት ሊሞት በነበረው በዚህ ሞኝ ሰው? ታክሲው ሲመጣ ከኋላ ገባችና ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። አገኘሁ ከፊት ተቀመጠ።

የተረፈውን ጠርሙስ ለጀሚላ ወስዳ ሰጠቻት። ጀሚላ በጣቷ ቀመሰችና ዓይኗ በራ። "እትዬ፣ ይሄማ ይሸጣል!"

"ስሙን እንዳታነሺብኝ!" ብላት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ምንም ያልገባበት ሻይ ስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጣለት ቆመች። አገኘሁ ፊቱን ሳያጨማድድ ጠጣው። እውነቱን ነበር፤ ለምዶታል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

"ከእንግዲህ የማትፈልገውን አልፈልግም በለኝ" አለችው። "እንዳይከፋት ብለህ አትደብቀኝ። ሰማህ?"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።" ብርጭቆውን አስቀመጠና ትንሽ አሰበ። "እንግዲያውስ… ሽሮሽ ጨው ይበዛበታል።"

አመተ ሥላሴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ከመቼ ጀምሮ?"

አገኘሁ ጎንበስ ብሎ መኪናውን መርገጥ ጀመረ።