የወሬኛ መዳፍ

በሆቴሉ ውስጥ ከእሷ በታች የሚሠሩት የጽዳት ሠራተኞች «በረኪና» ይሏታል። በፊቷ የሚደፍራት የለም፤ በጀርባዋ ነው። የጽዳት ኃላፊ ናት። አንድ ክፍል ተጸዳ ሲሏት፣ ገብታ የአልጋውን ጀርባ በነጭ መሐረብ ካልዳበሰች አታምንም። ቅጽል ስሙን ሰምታዋለች፣ ሰምታም አልከፋትም። ሰው በሚሠራው ቢጠራ ምን ነውር አለው?

ቤቷ ከሆቴሉም ይብሳል። የምትኖረው ከመካኒክ ባሏና ከባሏ አባት ጋር ነው። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በበረኪና ትወለውለዋለች፣ ማታ ስትመለስ ትደግመዋለች። ባሏ ከጋራዥ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ፣ ቱታውን በረንዳ ላይ ጥሎ በካልሲው እየተንሸራተተ ይገባል።

«አንድ ቀን እኔንም ባልዲው ውስጥ ነክረሽ ታወጪኛለሽ» ይላታል።

«ብነክርህም ያንተ ዘይት አይለቅም» ትለዋለች።

እንዲህ የሆነችው ግን የባሏ እናት ከሞቱ ወዲህ ነው። አምና እማማ ቀዶ ጥገና አድርገው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የሆስፒታሉ ነርስ ለብቻዋ ጠርታ «ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ቤቱን ንጹሕ አድርጊ፤ አደራ» ብላት ነበር። አደራዋን በላች የሚላት ሰው የለም፤ ጠርጋለች፣ ወልውላለች፣ አንሶላ ቀቅላለች። እማማ ግን ትኩሳት ያዛቸው፣ ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ ሞቱ። ማንም በክፉ አላያትም። እሷ ግን «የሆነ ጥግ ሳልነካው ቀርቼ ነው» የሚል ሐሳብ ልቧ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት። ከዚያ ወዲህ ባልዲው ውስጥ የምትጨምረው በረኪና እየበዛ ሄደ። ይህን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

የባሏ አባት ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ በየፌርማታው ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ከሚስታቸው ቀብር በኋላ ግን «እሺ»፣ «አይ»፣ «ተመስገን» ብቻ ሆኑ። ወሬ የተረፋቸው ከውሻው ጋር ነው።

ውሻው የእማማ ነበር። ገና ቡችላ ሳለ ከመንገድ አንስተው አመጡት፤ ባለፈ ባገደመው ሁሉ ላይ ስለሚጮህ ስሙን «ወሬኛ» አሉት። አሁን አባባ ለሰው የማይሉትን ለእሱ ይነግሩታል፣ ቤተሰቡም ጉዳያቸውን የሚሰማው በወሬኛ በኩል ነው። «ወሬኛ፣ ሻዩ ስኳር አንሶታል፤ ምን ይደረግ፣ ዝም ብለን እንጠጣ» ይላሉ። ምራታቸው ትነሳና ስኳሩን ታቀርባለች። እሳቸው ቀና ብለው አያዩዋትም፤ እሷ ደግሞ «ያው እኔን ነው የሚወቅሱት» እያለች ወደ ባልዲዋ ትመለሳለች።

እንግዲህ ይህ ወሬኛ ነው መጮህ ያቆመው። ጊዜ አጣ ማለት ይቀላል። ቀኑን ሙሉ መዳፉን ይልሳል፣ ከመዳፉ ሲመለስ ሆዱን ይፎክታል፣ ከሆዱ ደግሞ ወደ መዳፉ። በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቶ አበጠ፣ ጸጉሩ ተመለጠ፣ ሲራመድ ማነከስ ጀመረ። እሷም ቁስል ስታይ ያው የምታውቀውን አደረገች። ወለሉን በፊት ሁለቴ ትወለውል የነበረውን ሦስቴ አደረገችው።

ባሏ የራሱን መድኃኒት ይዞ መጣ። «የጋራዥ ውሻ እከክ ሲይዘው በተቃጠለ ዘይት ነው የሚድነው» ብሎ አራቱንም እግር ቀባው። ከሥራ ስትመለስ ነጩ ወለል ላይ ከበር እስከ አባባ መኝታ ድረስ ጥቁር የመዳፍ ማኅተም ተመትቶበታል። አልተቆጣችም፤ የቁጣው ጊዜ አልፎባት ነበር። ውሻውን ይዛ እግሩን በዚያው በባልዲዋ ውኃ አጠበችው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ወሬኛ ያን ቀን እንደ ሰው አለቀሰ፣ አባባም በራቸውን ዘጉ።

«የአባባ እግር ሥር ነው የሚተኛው» አለችው ባሏን። «በሽታው ቢተላለፍባቸውስ? እሳቸውንም አጥተን እንቀመጥ?»

ባሏ አንድ ደንበኛ እንዳለው ነገራት። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ አለው፣ ውሻ ይፈልጋል፣ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ይችላል። እሷም «እሺ» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ፈርታ ነው።

ባሏ ነገሩን ለአባቱ ነገራቸው። አባባ ወደ ውሻው ጎንበስ አሉ። «ሰማህ ወሬኛ፣ ሊሸኙን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።»

«ሊሸኙን» ያሉት የአፍ ወለምታ መስሏት ነበር። ማታ ግን በክፍላቸው በር ስታልፍ፣ ድሮ ለረጅም መንገድ የሚይዟት ቦርሳ አልጋው ላይ ተከፍታ አየች። ሸሚዞቻቸው ታጥፈዋል፣ የእማማ ፎቶ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የወሬኛ ሳህን አለ። አባባ ውሻው ሄዶ እሳቸው ሊቀሩ አላሰቡም። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቤቱን ንጹሕ አድርጋ ሰው ልታተርፍ ስትል፣ የቀረውን ሰው ልታስወጣው ነው።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀች። እንደዚህ ያለ ነገር አድርጋ ስለማታውቅ አለቃዋ የሞተ ሰው ያለ መስሎት «አይዞሽ» አላት። ከአባባ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄዱ። ውሻውን ያቀፉት አባባ ናቸው፤ ለማንም አልሰጡም።

ሐኪሟ ፈጣን እጅና ረጋ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ወሬኛን በደቃቅ ማበጠሪያ አበጠረችውና ከጸጉሩ የረገፈውን እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈች።

«የቁንጫ ኩስ ቢኖር ወረቀቱ ላይ ቀይ ሆኖ ይሟሟ ነበር» አለች። «የለም።» ከመዳፉ ቆዳ ላይ ናሙና ወስዳ በማይክሮስኮፕ ስታይ ቆየች። «የእከክ ተባይም አላገኘሁም። ቁስሉ ግን አመርቅዟል። ቶሎ አላመጣችሁትም።»

«ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር» አሉ አባባ፣ ለውሻው።

ሐኪሟ ወሬኛን አገላበጠችው። ጀርባው ደህና ነው፣ ጆሮው ደህና ነው። የታመመው አራቱ መዳፍና ሆዱ ብቻ ነው። «የሚያሳክከው ቦታ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። ይሄ መሬት የሚነካው አካሉ ነው። የሚተኛው የት ነው?»

«ወለል ላይ። ንጹሕ ነው» አለች።

«በምን ነው የሚጸዳው?»

«በበረኪና» አለች፣ እንዲያውም ቀና ብላ። «በቀን ሦስት ጊዜ።»

«በደንብ አቅጥናችሁት? ከዚያስ በውኃ ታለቀልቁታላችሁ?»

«ካለቀለቅኩትማ ምኑን ጸዳ?»

 ሐኪሟ አሁን የምታየው ውሻውን ሳይሆን የእሷን እጅ ነበር። እጇ ደግሞ ሳታውቀው ሥራ ላይ ነው፤ በጣቶቿ መካከል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ታካለች።

«እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

መደበቅ አማራት። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ኪሷ ውስጥ ስትከትተው የኖረችው እጅ ነው፤ ሠራተኞቿን ያለ ጓንት ባልዲ አታስነካም፣ እሷ ግን በጓንት እድፉ አይሰማኝም ትላለች። አወጣችው። ሐኪሟ ከወሬኛ መዳፍ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያው ቅላት፣ ያው መሰነጣጠቅ፣ በዚያው በጣቶች መካከል። እንኳን ሐኪም፣ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

«እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ለሰው ሐኪም ያሳዩ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ነገር ግን ሁለታችሁንም ያሳመማችሁ አንድ ባልዲ ይመስለኛል። እርግጠኛ የምንሆነው በረኪናውን አቁማችሁ ስናይ ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል። ልታባርረው የነበረው ውሻ ያመመው በእሷው እጅ ነው። በሆቴሉ ሠራተኛ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት ብታገኝ ምን እንደምትላት ታውቃለች። አባባን ቀና ብላ ለማየት አፈረች።

ሐኪሟ ለቁስሉ የሚዋጥ ክኒን ሰጠቻቸው። መዳፉ ለብ ባለ ውኃ ብቻ እንዲታጠብ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው እርጥበት በደንብ እንዲደርቅ፣ እንዳይልሰውም ጥሩምባ የሚመስለው የፕላስቲክ መከለያ አንገቱ ላይ እንዲደረግ አሳየቻቸው። ስለ ተቃጠለው ዘይት ስትሰማ «እሱን ለመኪናው ተዉለት፤ ይመርዘዋል» አለች። ባሏ ይህን ማታ ሲሰማ ጆሮው ቀላ። ለደንበኛውም ደወለ፤ «የቅዳሜው ነገር ይቆይ፣ መዳኑን እንይ» አለው። የአባባ ቦርሳ ግን አልጋው ሥር ገባች እንጂ ዕቃዋ አልወጣም። አሁን ሁሉም ነገር በወሬኛ መዳፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ለውሻውም ለእሷም ከበዱ። ወሬኛ ባንገቱ ጥሩምባ ከበር መቃን ጋር እየተላተመ ይውላል። እሷ ደግሞ ወለሉን በውኃና በትንሽ ሳሙና ወልውላ ትቆምና ታሸታለች። ምንም አይሸትም። ያ ምንም አለመሽተቱ ያስፈራት ጀመር። አባባ ባሳሉ ቁጥር «እሳቸውንም ላጣቸው ነው» ትላለች።

አንድ ምሽት አባባ ድክም ብሏቸው እራት ሳይበሉ ተኙ። እሷ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፣ ከመታጠቢያው ሥር የቀረችውን የበረኪና ጠርሙስ አወጣች፣ ክዳኑን ከፈተች። ባልዲው ላይ ዘንበል ስታደርግ ከኋላዋ ጥሩምባው በሩን ሲመታ ሰማች። ወሬኛ ቆሟል፣ ከኋላው አባባ በፒጃማ።

«ወሬኛ፣ እስቲ ንገራት...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አቋረጡት። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄ» አሏት።

ጠርሙሱን እንደያዘች ዞረች።

«እሷ በእድፍ አልሞተችም። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ኢንፌክሽኑ ቀድሞውንም ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንቺ ያላደረግሽው ነገር የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም አባባ?» አለች።

«የምታውቂ መስሎኝ። ሌት ተቀን ስትወለውይ ሳይም፣ ኀዘኗን በዚህ ትወጣለች ብዬ ተውኩሽ። እኔም በዝምታ ልወጣው ስል፣ ለካ አንቺን እያቆሰልኩሽ ነው። ነይ ተቀመጪ።»

በዚህ ሰሞን ሄዳ እጇን ያሳየችው የሰው ሐኪም ያዘዘላትን፣ ገዝታ ያልተቀባችውን ቅባት ከመደርደሪያው አወረዱ። እጇን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልክ ለወሬኛ እንደሚያደርጉት በጣቶቿ መካከል አንድ በአንድ ቀቧት። ያኔ አለቀሰች። እማማ ሲቀበሩ እንኳ ለለቅሶ የመጣው ሰው የረገጠውን ወለል ስታጸዳ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። ጠርሙሱን በማግስቱ ባሏ ወስዶ አስወገደው።

መዳፉ ቶሎ አልዳነም፤ ግን ዳነ። መጀመሪያ እብጠቱ ሟሸሸ፣ ከዚያ ማነከሱ ቀረ፣ በመጨረሻ በጣቶቹ መካከል ለስላሳ ጸጉር ብቅ አለ። ጥሩምባው የወለቀለት ቀን ወሬኛ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት በቤቱ ዞረ።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ የባሏ ደንበኛ ውሻውን ሊጠይቅ መጣ። ገና በሩን ሳያንኳኳ ወሬኛ ዘሎ ወጣ፣ ግቢውን በጩኸት አናጋው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራው።

«ይሄ ነው እንዴ ታሟል ያላችሁኝ?» አለ ደንበኛው።

«ታሞ ነበር» አሉ አባባ በረንዳ ላይ ወጥተው። «አሁን ሥራው ላይ ነው። የሚሰጥ ውሻ የለንም፤ ሻይ ግን አለ፣ ግባ።»

ወሬኛ እንግዳውን አስከትሎ ሲገባ ከበር እስከ ጠረጴዛው ድረስ ነጩን ወለል በጭቃ መዳፉ አተመው። ባሏ እሷን አየ፣ እሷ ወለሉን አየች። እጇ ወደ መወልወያው ሄዶ ነበር፤ ከመንገድ መለሰችው። ይድረቅ፣ ከሻይ በኋላ ይጸዳል።

አባባ አንድ ጉንጭ ጠጡና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወሬኛ እግራቸው ሥር ነበር፤ ወደ እሱ አላጎነበሱም። ዓይን ዓይኗን እያዩ ፈገግ አሉ።

«ልጄ» አሏት፣ «ስኳር አንሶታል።»